ይሰማል፣ አይሰማም

አባቴ ከጉባ ሲመጣ ከሩቅ ነበር የሚታወቀው። ገና ከባጃጁ ሳይወርድ ድምፁ ቀድሞት ግቢ ይገባል። "ጸሐይ! ቃናኒ! የት ናችሁ?" ሲል ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ብቅ ብለው ያያሉ። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። እናቴ እንደምትለው፣ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ እንኳ የሚፈልገውን በሹክሹክታ ነው የነገራቸው። ጉባ ከሄደ ወዲህ ግን ድምፁ ጎላ። መንገድ ላይ ሰው ከኋላው ሲጠራው ዞር ሳይል ያልፋል። ቸርች ሌላው ሰው መዝሙሩን ጨርሶ ሲቀመጥ እሱ አንዲት ስንኝ ለብቻው ይዘምራል።

"ቶሌራ ደመወዝ ሲያይ ኮራ" ይሉ ነበር የሰፈራችን ሴቶች።

እኔ ደግሞ ኩራቱን ወደድኩለት። የሚያኮራ ነገር ያለው አባት ያለኝ ነበር የሚመስለኝ።

ያኔ አሶሳ ውስጥ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በጉባ በኩል በሚሠራ መንገድ ላይ አለት የሚሰረስር ማሽን ይዞ ይውላል። አለቆቹ ፈረንጆች ናቸው ይባላል። በእኛ ሰፈር ቋንቋ የሚያውቅ ሰው "ይሰማል" ነው የሚባለው። እናቴ ኦሮምኛም አማርኛም ትሰማለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ኻሚስ ቤቱ የሚያወራው በርታኛ ነው፣ ከአያቱ ጋር ቁርዓን ስለሚቀራም ዐረብኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። አባቴ እንግሊዝኛ ይሰማል። ይህን ለክፍሉ ልጆች ያልነገርኩበት ሳምንት አልነበረም።

ያን ሰሞን ቲቸር ስለሺ ተቃራኒ ያስተምረን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ገና የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ልብሱ ሁልጊዜ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ይከፍልና በግራ "ሆት"፣ በቀኝ "ኮልድ" ብሎ ይጽፋል።

"ሆት ማለት?"

"ሙቅ!"

"ኮልድ ማለት?"

"ቀዝቃዛ!"

ቢግ ትልቅ፣ ስሞል ትንሽ። ኦፕን ክፍት፣ ክሎዝድ ዝግ። ያንግ ወጣት፣ ኦልድ ሽማግሌ። ሪች ሀብታም፣ ፑር ድሃ። ስትሮንግ ብርቱ፣ ዊክ ደካማ። መስኮቱ መስታወት ስላልነበረው ድምፃችን መንገድ ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚው ሲያዳምጥ እናየው ነበር። እኔ ትምህርቱን ከመውደዴ የተነሳ የማየውን ነገር ሁሉ ተቃራኒውን ካላገኘሁለት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ "ቲቸር፣ የማንጎ ተቃራኒ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀብኝም። ጥቂት አሰበና "አንዳንድ ነገር ተቃራኒ የለውም፣ ቃናኒ" አለኝ። አላመንኩትም። የማያውቀው ነገር ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት።

አባቴ ለእረፍት መምጣቱን የሰማ ቀን ቲቸር ስለሺ "እስቲ ይምጡና አንድ ክፍለ ጊዜ ከእናንተ ጋር ይጫወቱ። እንግሊዝኛ ሰው እንጀራ የሚበላበት ነገር መሆኑን እዩ" አለ። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

አባቴ ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር። ከኋላው ሆኜ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፣ አልመለሰልኝም። ዞሬ ፊቱ ቆሜ ስነግረው ግን ሳቀ።

"እኔ አስተማሪ? እኔ እኮ የማውቀው አፕ፣ ዳውን፣ ስቶፕ፣ ጎ ነው።"

"እኔ አስጠናሃለሁ።"

"እሺ። ግን ፊትሽን ወደ እኔ አድርጊ።"

በዚያ ሰሞን ከአፉ የማትጠፋ ቃል እሷ ነበረች። ሳህን ሳቀርብለትም፣ እናቴ ጸጉሬን እያበጠረችኝ ሳወራውም "ፊትሽን ወደ እኔ" ይለኛል። ናፍቆኝ ነው እል ነበር። ወራት ሙሉ አለት ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው የልጁን ፊት ማየት ቢጠማው አይገርምም ብዬ፣ እንዲጠግበኝ ያህል ዓይኔን አፍጥጬ እቆምለታለሁ። አሁን ሳስበው ናፍቆቱም ውሸት አልነበረም።

ቃላቱን ቲቸር በጻፈልን ቅደም ተከተል አስጠናሁት። እኔ "ሆት" ስል እሱ "ኮልድ"፣ እኔ "ቢግ" ስል እሱ "ስሞል"። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እንኳ እስከ መጨረሻው ሲወርዳቸው እሰማው ነበር። የሸመደደው ተራውን እንደሆነ አላስተዋልኩም።

የተቀጠረው ቀን ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። የሥራ ሄልሜቱን ካላመጣህ ብዬ ስላለቀስኩበት በብብቱ ሥር ይዞታል። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ "ጉድ ሞርኒንግ!" አለ። እሱም "ጉድ ሞርኒንግ!" ብሎ ሲመልስ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ልጆቹም ወደዱት። ቲቸር ስለሺ ወንበሩን ሰሌዳው ፊት፣ ወደ እኛ አዙሮ አስቀመጠለት።

መጀመሪያ እኛ ነበርን የምንጠይቀው። ከፊተኛው መደዳ አንድ አንድ ልጅ እየተነሳ፣ ሰሌዳው ላይ በነበረው ተራ፣ ፊቱን አባቴ ላይ አድርጎ ይጮኻል። "ሆት!" "ኮልድ!" "ቢግ!" "ስሞል!" አንዱንም አልሳተም። ኻሚስ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና "ወላሂ፣ አባትህ ፈረንጅ ነው" አለኝ። ኻሚስ አማርኛ የለመደው ትምህርት ቤት ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው። ደስታዬ ወንበሩ ላይ አላስቀምጥ አለኝ።

"በጣም ጥሩ!" አለ ቲቸር ስለሺ። "አሁን እኔ እየዘለልኩ ልጠይቅ።"

እሱ ከአባቴ ጀርባ፣ ሰሌዳው ጋ ነበር የቆመው።

"ሪች!" አለ።

አባቴ ፈገግ ብሎ እኛን ያያል። ዝም አለ። 

"ሪች!" አለ ቲቸር ደግሞ።

አባቴ የእኛን ዓይን አየ። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን መልስ እንጠብቃለን። ተራው የእሱ መሆኑ ገባው መሰለኝ፣ ደረቱን ነፋና "ኮልድ!" አለ።

አንድ ልጅ ሳቀ።

"ያንግ!" አለ ቲቸር፣ ምናልባት ቀልድ መስሎት።

"ስሞል!"

"ሆት!"

"ክሎዝድ!" አለ አባቴ፣ በዚያ ጣሪያ በሚያንቀጠቅጥ ድምፁ።

ክፍሉ ፈነዳ። ከኋላ የተቀመጠው ዲሳሳ ዴስኩን እየደበደበ "ሪች ኮልድ! ሪች ኮልድ!" ይላል። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ሳቃቸው አይደለም። አባቴ ሲስቁ አይቶ እሱም ሳቀ። ሄልሜቱን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ደፋና አውራ ጣቱን አወጣልን። ልጆቹ በደስታ የሚስቁ መስሎት ይበልጥ ሊያስደስታቸው ነበር። እኔ ያን አላየሁም። እኔ ያየሁት የማያፍር ሰው ነው።

ዴስኩ ላይ ተደፋሁ። የእንጨቱን ሽታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ቲቸር ስለሺ ሳቁን አቋርጦ "በቃ፣ በቃ፣ ዝም በሉ!" ሲል ሰማሁት፤ ድምፁ ተለውጧል።

ኻሚስ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ "ቃናኒ፣ አባትህ አይሰማም እኮ" አለኝ።

እሱም አወቀ አልኩ በልቤ። አባቴ እንግሊዝኛ እንደማይሰማ ኻሚስ እንኳ አወቀ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ላላናግረው ማልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ በአስፋልቱ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር ነበር የምንሄደው። ተሻግሮ መጥቶ እጁን ሲዘረጋልኝ ቦርሳዬን በእሱ በኩል ወዳለው ትከሻዬ አዛወርኩት። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ፤ ሻጯ መልስ ይዛ ከኋላው ስትጣራ ሳይዞር ሄደ። ሮጬ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ እሷንም ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

"ክፍላችሁ እንዴት ደስ ይላል!" አለ ከመንገዱ ማዶ እየጮኸ። "ልጆቹ ወደዱኝ፣ አይደል?"

በቆሎዬን አየሁ እንጂ አልመለስኩለትም።

በዚያው ዕለት ሊመሽ ሲል ቲቸር ስለሺ ቤታችን መጣ። አባቴ ጎረቤት የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ቲቸር ወላጅ ቤት ድረስ የሚመጣው ለክስ ብቻ ስለሚመስለኝ ጓዳ ገባሁና መጋረጃው ኋላ ቆምኩ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"እትዬ ጸሐይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጋሽ ቶሌራን ልጆች ፊት አሳፈርኳቸው። አላወቅኩም ነበር።"

"ምኑን?"

"አይሰሙም እኮ።"

እናቴ "ያ ዋቃዮ" አለች በኦሮምኛ፣ አምላኬ ሆይ ለማለት። "ቀስ ይበሉ፣ ቲቸር፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።"

"ያውቃሉ ማለት ነው?"

"ዓመት አለፈው። ደህና ነኝ ይለኛል። ደህና ቢሆን እኔን ለምን አፍ አፌን ያየኛል?"

"ሥራ ቦታስ?"

"ካወቁማ ማባረራቸው ነው። ለዚህ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። እኔ ግን ሌሊት አልተኛም። አደጋ ሲመጣ ሩጡ የሚሉት በጩኸት ነው። አንድ ቀን ሩጡ ሲሉ ሳይሰማ ቢቀርስ?"

ቲቸር ስለሺ የመለሰላትን አልሰማሁም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ እሰማለሁ ብሎ ዋሽቶ ተቀጥሯል። ፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ "ሩጡ" ሲሉት አይገባውም። ውሸቱ የታወቀ ቀን ያባርሩታል፣ ካላባረሩት ደግሞ አለት ይወድቅበታል። እናቴ የምታለቅሰው ውሸታም ስላገባች ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ልክ ነበር፤ አንድም የጎደለ ነገር የለውም። እናቴ ጆሮ የምትል ቃል ከአፏ አውጥታ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ።

ትምህርት ቤት ውስጥ "ሪች ኮልድ" ስሜ ሆነ። ውሃ ልጠጣ ስሰለፍ፣ ገመድ ስዘል፣ ዲሳሳና ጓደኞቹ እንደ መዝሙር ይቀባበሉታል። አባቴ በር ላይ ሊወስደኝ ሲመጣ በጓሮ በኩል ሾልኬ እወጣለሁ። ቤት ደርሶ "ተላለፍን እኮ" ሲለኝ "አዎ" እለዋለሁ።

ግን እናቴ ያለችው አልለቀቀኝም። ሩጡ ሲሉት ሳይሰማ ቢቀርስ? የእረፍቱ ቀን እያለቀ ነበር። ስለዚህ አንድ ከሰዓት፣ እናቴ ገበያ እንደወጣች፣ አባቴን እጁን ይዤ ጓሮ ወሰድኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጎረቤት እንዳይሰማብን ድምፄን አጠፋሁ። ከአፌ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ ለማንም አልናገርብህም።"

አፌን አየ። "ምኑን?"

"እንደማትሰማ።"

ፊቱ ላይ ለሆነው ነገር ያኔ ስም አላገኘሁለትም። ማስቲካ ከልጅ አፍ ድንገት እንደሚነጠቅ ዓይነት፣ ፈገግታው መሃል ላይ ቀረ።

"ማን ነገረሽ?"

"ቲቸር ስለሺ ለእማዬ ሲነግራት። እማዬም ታውቃለች። እዚያ ካወቁ ያባርሩሃል።"

እጆቹን አየ። ጣቶቹ ስንጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ከዚያ በእነዚያ ዓመታት ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ጠየቀኝ።

"አፈርሽብኝ?"

መዋሸት አሰብኩ። ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አላነሳም።

"ክፍል ውስጥ አፍሬ ነበር" አልኩት። "አሁን ግን አስተምርሃለሁ። ከተማርክ ትሰማለህ።"

"ይሄ ተምረው የሚያመጡት ነገር አይደለም፣ ልጄ።"

"ነው! ቲቸር ስለሺ ማንም ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከተማረ ይሰማል ብሏል። ዝም ብለህ አፌን እያየህ ተከተለኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምለው።"

እንባው ወረደ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው የመጀመሪያው። ትምህርት ባለመማሩ ቆጭቶት ነው አልኩና እንደ አስተማሪ ጉልበቱን መታ መታ አደረግኩት። ከዚያ ጀመርን። "ሆት" አልኩት ያለ ድምፅ፣ ከንፈሬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። "ኮልድ" አለኝ። "ስትሮንግ" አልኩት። ደጋግሜ ስለው ቆይቶ "ዊክ" አለኝ። ተራውን እያዘበራረቅኩ ጠየቅሁት። እስኪመሽ ድረስ ተማረ። አንዳንዱን ሲስት እቆጣዋለሁ፤ ይቅርታ ይጠይቀኛል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጉባ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ደመወዙ ቀነሰ፣ እናቴ ግን ደስ አላት፤ ይህም ግራ ገባኝ። ከማሽን አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት እንዳስገቡት ሰማሁ። እንግሊዝኛው ተሻሽሎ ቢሆን ኖሮ ከፍ ያደርጉት ነበር ብዬ በአስተማሪነቴ አዘንኩ።

እውነቱን ያወቅሁት ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው። መንገዱ አልቆ አባቴ ቤት ተመልሶ ነበር። የእናቴ እህት ከነቀምቴ መጥታ ሰው በተሰበሰበበት እናቴ ታሪክ ጀመረች። አለት ሲሰረስር የጆሮ መድፈኛውን ይሞቀኛል እያለ እንደሚያወልቀው፣ ጆሮው ቀስ በቀስ እንደደነቆረ፣ አፍሮ ከሰው ሁሉ እንደደበቀው ነገረቻቸው።

"ማን አወጣው መሰላችሁ?" አለች። "ይቺ ናት። የአሥር ዓመት ልጅ! አባቷ እንደማይሰማ አውቃ፣ ሳትጠየፈው፣ ሳታፍርበት፣ ጓሮ አስቀምጣ አፍ ማንበብ አስተማረችው። ሊሄድ ሲል ምን አለኝ መሰላችሁ? ‘ልጄ አውቃ አፌን እያየህ ተከተለኝ ካለችኝ እኔ ከማን ነው የምደበቀው?’ ሄዶ ለአለቆቹ በራሱ አፍ ነገራቸው። በወሩ እሱ የነበረበት ገደል ተንዷል። ሩጡ ሲሉ የሰሙት ወጡ።"

አክስቴ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። ሌሎቹም እልል አሉ። አባቴ የሁሉንም አፍ ተራ በተራ እያየ፣ ማን ምን እንዳለ ለመያዝ አንገቱን ያዞራል። ሲስቁ ሳቀ። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ፣ ሄልሜቱ፣ አውራ ጣቱ፣ ከመንገዱ ማዶ የጮኸልኝ ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ተመለሰብኝ። ፊቴ ሲቃጠል አዩና "ወይ ትሕትና!" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያ ታሪክ የእኔ ማንነት ሆነ። ሠርግ ላይ ይነገራል፣ ልቅሶ ላይ ይነገራል። ፋርማሲ ተምሬ አሶሳ ውስጥ ሥራ ስይዝ እንኳ "እሷማ ከሕፃንነቷ ለበሽተኛ የተፈጠረች ናት" አሉ። በተመሰገንኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። አንገቴን በደፋሁ ቁጥር ይበልጥ ያመሰግኑኛል።

ባለፈው በጋ አላስቻለኝም። አባቴ አሁን በባምባሲ መውጫ በኩል የማንጎ ችግኝ እያዳቀለ ይሸጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ችግኞቹ መሃል ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ያኔ የጆሮህን ነገር አላወቅኩም ነበር" አልኩት፣ ከንፈሬን ቀስ እያደረግኩ። "‘አይሰማም’ ሲሉ እንግሊዝኛ አያውቅም ያሉ መስሎኝ ነው። በሹክሹክታ ያስተማርኩህም ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ነው። አፍሬብህ ነበር። በጓሮ በኩል እየሾለክሁ የምጠፋብህም አፍሬ ስለነበር ነው።"

እስክጨርስ ዓይኑን ከአፌ አላነሳም። ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ።

"ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

"እሺ" አለ። ተነስቶ የውሃ ማጠጫውን አነሳና ችግኞቹን ከዳር ጀምሮ ያጠጣ ጀመር። እስክሄድ ድረስ አልዞረም።

በማግስቱ እሁድ ከቸርች ሰዎች ቤት መጡ፤ ከቶንጎ የተዛወረ አዲስ ወንጌላዊም አብሯቸው ነበር። ምሳ እያነሳሁ ሳለ ወንጌላዊው አባቴን ስለ ጆሮው ጠየቀው።  አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንግዲህ ልጄ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና፣ እንደማልሰማ አውቃ፣ ሳታፍርብኝ፣ ብሎ ጀመረ። አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ እናቴ እንደምትነግረው አድርጎ እስከ መጨረሻው ነገረው።

ሲጨርስ እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ግን ዓይኔን አይደለም ያየው። አፌን ነበር የሚያየው፤ የምለው ነገር እንዳለ ለማወቅ።

አፌን ገጥሜ ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁ።